አግዳሚው ለምን ባዶ ቀረ? እና ሌሎች ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ መኝታ ቤቴ ደስ እንዲለኝ ምን ቀለም ልቀባው?

የወደዱትን። በፊት ግን መስኮቱን የጋረደውን ቁም ሳጥን ያንሱ።

ጥያቄ፦ ጠያቂው አዳማ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ አባል ናቸው። በብሎካቸው ጎረቤት ከጎረቤት ሰላምታ እንኳ ስለጠፋ፣ «እንቀራረብ» ብለው በመዋጮ አራት የሲሚንቶ አግዳሚ አሠሩ። ከድመት በቀር የተቀመጠበት የለም። «ሰዉ ነው የተበላሸው?» ይላሉ።

ሰዉ ምንም አልሆነም። በላኩት ፎቶ አራቱም አግዳሚዎች አጥር ሥር በአንድ መስመር ተደርድረዋል፤ ጥላ የለም። በአዳማ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የተጠበሰ ሲሚንቶ ከመሸም በኋላ ይፋጃል። ጎን ለጎን የተደረደረ ሰው ደግሞ ለማውራት አንገቱን መጠምዘዝ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የአእምሮ ሐኪሙ ሃምፍሪ ኦዝመንድና የሥነ ልቦና ባለሙያው ሮበርት ሶመር በካናዳ ሳስካችዋን ሆስፒታል ውስጥ ግድግዳ ታከው የተደረደሩትን ወንበሮች በትንንሽ ጠረጴዛዎች ዙሪያ ሲያደርጓቸው የታካሚዎቹ ጨዋታ ጨምሯል።

እናንተም ሁለቱን ነቅላችሁ ሰው ሁሉ ወደሚያልፍበት ደረጃ መግቢያ አምጡ፤ ካልተነቀሉ ከጣውላ አዲስ ይሠሩ። ጀርባቸው ለግድግዳ፣ ፊታቸው ለመተላለፊያው፣ ሁለቱ በማዕዘን። ጉልበት እንዳይጋጭ መጋጠሚያው ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ክፈቱ። የመቀመጫው ከፍታ 45 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ከዚያ ካነሰ አዛውንት መነሳት ያቅታቸዋል። የከሰዓት ፀሐይ በጎን ስለምትገባ ላይኛው ቆርቆሮ ብቻ አይበቃም፤ በምዕራብ በኩል ሰሌን ወይም ሐረግ ይጋርዳት። ንፋሱንም እንዲሁ፤ አንዴ የከሰል አመድ ሲኒዋ ላይ የተበተነባት ሴት ረከቦቷን ይዛ ሁለተኛ አትወርድም። ከሰው መኝታ ቤት መስኮት ሥር ግን በፍጹም፤ መቀራረቡ ቀርቶ ክስ ይመጣል።

ጥያቄ፦ የተከራዩት ባለ ቆርቆሮ ክፍል ከሰዓት ስለሚግል ልጆቹ ይነጫነጫሉ፤ ወፍራም መጋረጃ ገዝተዋል፤ ለውጥ የለም።

ሙቀቱ ከመስታወቱ ካለፈ በኋላ መጋረጃ ምን ያደርጋል? ጥላውን ከውጭ ያድርጉ። ኮርኒስ ያስመቱ፤ ከኮርኒሱ በላይ በሁለቱም ጫፍ ወንፊት ያለው ቀዳዳ ካልተተወ ግን የጋለው አየር እዚያው ይታፈናል። ቆርቆሮውን ነጭ መቀባትም ይረዳል። ሌላውን አናጢ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከገጠር አምጥተው ሦስተኛ ፎቅ ያስቀመጧቸው እናታቸው ሁለት ወር ሙሉ ምግብም እንቅልፍም እምቢ ብለዋል። «በረንዳውን ባሳምረው ይሻላቸው ይሆን?»

ወንበራቸውን መንገድ ወደሚታይበት መስኮት ያዙሩት፤ በረንዳው ላይ ጤና አዳም ይትከሉላቸው፤ ቡና የሚጠሩት ጎረቤት ይፈልጉላቸው። ይህ ሁሉ ግን ሕክምና አይደለም። ሁለት ወር ብዙ ነው፤ የአካል ሕመምም ሊሆን ይችላል፣ ድባቴም። በዚህ ሳምንት ሐኪም ጋ ይውሰዷቸው፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ቢልኳቸውም እንዳያፍሩ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ፤ እንቅልፋቸው ከመቼ ጀምሮ እንደጠፋም ጽፈው ይያዙ።