«እስማማለሁ» የሚለውን ከነካን በኋላ፦ ስለ ግል ዳታ ጥበቃ ጥያቄና መልስ

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከጸደቀ ወዲህ፣ አዋጁ በተግባር ምን እንደሚለውጥ የሚጠይቁኝ ሰዎች በርክተዋል። የምሠራው ድርጅቶች የደንበኞቻቸውን መረጃ አያያዝ ከሕግ ጋር እንዲያጣጥሙ በማማከር ነው። ከዚህ በታች የሰጠኋቸው መልሶች ግን አጠቃላይ ማብራሪያ እንጂ የእያንዳንዱን ሰው ጉዳይ መርምሬ የሰጠሁት የሕግ ምክር አይደሉም። ረዘም ያሉትን ጥያቄዎች አሳጥሬአለሁ፤ የጠያቂዎቹንም ስም ሆን ብዬ አላሰፈርኩም።

ጥያቄ፦ ከዚህ አዋጅ በፊት የግል መረጃን የሚጠብቅ ሕግ አልነበረም ማለት ነው?

መልስ፦ ነበረ፤ ነገር ግን የተበታተነ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መብት ሲደነግግ፣ በፖስታ፣ በስልክ፣ በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የሚደረጉ ግንኙነቶች እንደማይደፈሩ በግልጽ አስፍሯል። የጎደለው ዝርዝሩ ነበር፦ ድርጅቶች ምን መሰብሰብ እንደሚችሉ፣ ለምን ያህል ጊዜ ማቆየት እንደሚፈቀድላቸው፣ ባለቤቱ ሲጠይቅ ምን የመመለስ ግዴታ እንዳለባቸው። አዲሱ አዋጅ ይህን ክፍተት ለመሙላት የወጣ ሲሆን፣ የቁጥጥሩን ሥልጣን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል።

ጥያቄ፦ አንድ የብድር አፕሊኬሽን ስጭን በስልኬ የተመዘገቡ ስሞችን ሁሉ እንዲያይ ፍቀድ አለኝ፤ ፈቀድኩ። ክፍያ በዘገየብኝ ጊዜ ለአክስቴና ለአለቃዬ ሳይቀር መልእክት ላኩባቸው። «አንተው ፈቅደሃል» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት አይደለም፤ ቢያንስ በሦስት ምክንያት።

የመጀመሪያው፣ ፈቃድዎ ሊያስተላልፍ የሚችለው የራስዎን መረጃ ብቻ ነው። አክስትዎም ሆኑ አለቃዎ ከአበዳሪው ጋር ውል አልገቡም፣ አልተጠየቁም፣ ስልካቸው ተወስዶ በሌላ ሰው ሰርቨር ላይ መቀመጡንም አያውቁም። እርስዎ በእነሱ ምትክ ሊስማሙ አይችሉም፤ ስለዚህ እነሱም በራሳቸው ስም ቅሬታ የማቅረብ መብት አላቸው።

ሁለተኛው ዓላማ ነው። አዋጁ መረጃ የሚሰበሰበው ተለይቶ ለታወቀና ለተገለጸ ዓላማ መሆኑን፣ ከዚያ ዓላማ ጋር ለማይሄድ ተግባር ሊውል እንደማይችልም ይደነግጋል። አበዳሪው የስልክ ዝርዝርዎን የጠየቀው «ማንነትን ለማረጋገጥ» ወይም «የመክፈል አቅምን ለመገመት» ብሎ ከሆነ፣ ያንኑ ዝርዝር ተበዳሪን ለማሳፈር መጠቀሙ የዓላማ ለውጥ ነው። ሦስተኛው መጠን ነው፤ ለአንድ ብድር መልስ ለመስጠት የሰውን ዘመድ አዝማድ ስልክ በሙሉ መውሰድ ከሚያስፈልገው በላይ መሰብሰብ መሆኑን ለመረዳት የሕግ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ጉዳዩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ኬንያ የዳታ ጥበቃ ሕጓን ያወጣችው በ2019 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የዳታ ጥበቃ ኮሚሽነሯ ቢሮ በ2023 እ.ኤ.አ. ከተበዳሪዎች ስልክ በወሰደው የሌሎች ሰዎች ቁጥር ላይ የማስፈራሪያ መልእክት በላከ አንድ ዲጂታል አበዳሪ ላይ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ የኬንያ ሽልንግ ቅጣት ጥሏል። ጉግልም በዚያው ዓመት ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ በመተግበሪያ መደብሩ የሚገኙ የብድር አፕሊኬሽኖች የተጠቃሚን የስልክ ዝርዝርና ፎቶግራፎች እንዳይነኩ ከልክሏል። ስለዚህ ዛሬ ይህን ፈቃድ የሚጠይቅ አበዳሪ ካጋጠመዎት፣ ብዙውን ጊዜ አፕሊኬሽኑ ከመደብሩ ውጭ በቴሌግራም በተላከ ፋይል የተጫነ ሆኖ ያገኙታል፤ ይህም ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ «እስማማለሁ» የምንለው ነገር ትርጉሙ ምንድን ነው? ማንም አያነበውም እኮ።

መልስ፦ ማንም እንደማያነበው ሕግ አውጪዎችም ያውቃሉ። ለዚህም ነው ስምምነት በሕግ ፊት እንዲጸና በነፃ ፈቃድ የተሰጠ፣ ለተወሰነ ጉዳይ የተሰጠ፣ በቂ ማብራሪያ የቀደመውና በማያሻማ ሁኔታ የተገለጸ መሆን አለበት የተባለው፤ ስምምነት መኖሩን የማስረዳት ሸክምም በሰብሳቢው ላይ የተጣለው። አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን፣ ወይም ለማስታወቂያ መልእክት ካልተስማሙ የባንክ ሒሳብ አይከፈትም የሚል ቅጽ፣ ይህን መመዘኛ ያሟላል ብዬ አላምንም። የሰጡትን ስምምነት በማንኛውም ጊዜ ማንሳትም ይችላሉ።

ይሁንና እዚህ ላይ ከብዙ ባልደረቦቼ የምለይበት ነጥብ አለ። ስለ ግል መረጃ የሚደረገው ውይይት ሁሉ በስምምነት ዙሪያ መሽከርከሩ ሸክሙን ወደ ተጠቃሚው መልሶ ያዛውራል፤ ሰው የተሳሳተውን ቁልፍ ስለነካ ጥፋተኛው እሱ ይመስላል። አዋጁ ግን መረጃን ለመጠቀም ስምምነትን ብቸኛ መነሻ አላደረገውም፤ ውልን ለመፈጸም፣ ሕጋዊ ግዴታን ለመወጣት ወይም የሰውን ሕይወት ለማዳን ያለ ስምምነትም መጠቀም ይቻላል። በአንጻሩ በዓላማ የመወሰን፣ ከሚያስፈልገው በላይ ያለመሰብሰብና ጊዜው ሲያልፍ የማጥፋት ግዴታዎች ሰው ተስማማም አልተስማማ በሰብሳቢው ላይ ይጸናሉ። እኔ ደንበኛ ብሆን የምጠይቀው «ተስማምቻለሁ ወይ?» ሳይሆን «ይህን ለምን ትፈልጉታላችሁ? መቼስ ታጠፉታላችሁ?» የሚለውን ነው፤ ለዚህ የጽሑፍ መልስ የሌለው ድርጅት ችግር ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ ለፋይዳ አሻራና የዓይን ምስል ሰጥተናል። ይህ መረጃ ቢወጣ ምን ይደረጋል?

መልስ፦ ፋይዳ የ10 ጣት አሻራ፣ የሁለቱም ዓይኖች አይሪስ ምስልና የፊት ፎቶግራፍ ይወስዳል፤ ሥርዓቱ የቆመውም በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ላይ ነው። እንዲህ ያለ የሰውነት መለያ በ1321 አዋጅ ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ጥንቁቅ መረጃዎች ውስጥ ይመደባል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፣ ጣት ግን አይቀየርም።

የመረጃ መጣስ ሲደርስ መረጃውን የያዘው አካል በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ ማሳወቅ አለበት። ከዚህ በተረፈ ከእርስዎ እጅ የሚወጣውን ይቆጣጠሩ። ካርዱ ላይ የሚታተመው ባለ 16 አኃዝ ቁጥር ባለ 12 አኃዙን ዋና መለያ ቁጥር ለመሸፈን የተዘጋጀ ተለዋጭ ነው፤ ሰዎች ግን ባለ 12 አኃዙን የያዘውን የስልክ መልእክት ፎቶ አንስተው ለደላላ ሲልኩ አያለሁ። ይህ ከሆነ ጥበቃው ሥራውን ሳይጀምር ይፈርሳል።

ጥያቄ፦ ስለ ድርጅቶች ብዙ ይባላል። መንግሥት ራሱ የስልክና የኢንተርኔት ግንኙነታችንን ማየት ይችላል ወይ?

መልስ፦ በሕግ የተቀመጠው እንዲህ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን፣ ማለትም ማን ከማን ጋር፣ መቼና ለምን ያህል ጊዜ እንደተገናኘ የሚያሳየውን መዝገብ፣ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያስገድዳል። የግንኙነቱን ይዘት ለመጥለፍ ደግሞ በመርህ ደረጃ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ያስፈልጋል። አስቸኳይ በሆነ ጊዜ ግን ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ፈቃድ ብቻ ጠለፋ ሊጀመር እንደሚችልና ምክንያቱ በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌደራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት መቅረብ እንዳለበት አዋጁ ያዝዛል። አዲሱ የዳታ ጥበቃ አዋጅም ለብሔራዊ ደኅንነት፣ ለሕዝብ ሰላምና ወንጀልን ለመከላከል ሲባል ከግዴታዎቹ የሚያወጡ ልዩ ሁኔታዎችን ይዟል። ልዩ ሁኔታ የሌለው የዳታ ሕግ በየትም አገር የለም፤ የአውሮፓ ኅብረትም አለው።

ልዩነቱን የሚፈጥረው ልዩ ሁኔታው በአግባቡ ስለመዋሉ የሚመረምረው ማን ነው የሚለው ነው። በ1321 አዋጅ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ከዚህ ይመነጫል። ግብር ሰብሳቢውን፣ ፖሊስን፣ ማዘጋጃ ቤትንና የመንግሥትን ቴሌኮም ኩባንያ በእኩል ዓይን መመርመር የሚጠበቅበት አካል፣ እሱ ራሱ የአስፈጻሚው ክንፍ የሆነና የቴሌኮም ገበያውን የማሳደግ ተጨማሪ ሥራ ያለበት ባለሥልጣን ነው። ለምክር ቤቱ ተጠሪ የሆነ፣ በጀቱም ሆነ የኃላፊዎቹ የሥራ ዘመን የተጠበቀለት ራሱን የቻለ ኮሚሽን ቢቋቋም ይሻል ነበር። ባለሥልጣኑ ሥራውን በቅንነት ሊወጣ እንደሚችል አልክድም፤ ነገር ግን ተቋም የሚገነባው ቅን ያልሆነ ሰው በሚሾምበት ቀን ጭምር እንዲቆም ተደርጎ ነው።

ጥያቄ፦ ከፍራንክፈርት ነኝ። እዚህ ያለው የእድራችን ኮሚቴ የአባላትን ስም፣ አድራሻና ቤተ ክርስቲያን በአንድ የኤክሴል ፋይል አድርጎ በዋትስአፕ ይልካል። የአውሮፓው ሕግ እኛንም ይመለከታል?

መልስ፦ ይመለከታል። ከግንቦት 25 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት የአውሮፓ ኅብረት ጠቅላላ የዳታ ጥበቃ ደንብ ከግል ወይም ከቤተሰብ ጉዳይ ያለፈ ማንኛውንም ማኅበር ይይዛል፤ ትርፍ የማያገኝ መሆኑ ነፃ አያደርገውም። የሃይማኖት ወገን ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው መረጃዎች አንዱ ነው። ደንቡ የሃይማኖት ማኅበራት የአባሎቻቸውን እንዲህ ያለ መረጃ ለውስጥ ሥራቸው እንዲይዙ ይፈቅዳል፤ ያለ አባላቱ ስምምነት ከማኅበሩ ውጭ እንዲያወጡት ግን አይፈቅድም። እድር በባሕርዩ የሃይማኖት ማኅበር ስላልሆነ፣ «ቤተ ክርስቲያን» የሚለውን ዓምድ ከፋይሉ ማውጣት ቀላሉ መፍትሔ ነው።

ኮሚቴው ስለ እርስዎ ምን እንደያዘ በጽሑፍ ቢጠይቁ በአንድ ወር ውስጥ ያለ ክፍያ ሊመልስልዎ ይገባል። ካልመለሰ ቅሬታ የሚቀርብለት፣ ፍራንክፈርት የምትገኝበት የሄሰን ክፍለ ግዛት የዳታ ጥበቃ ቢሮ ቪስባደን ይገኛል። በነገራችን ላይ በዓለም የመጀመሪያው የዳታ ጥበቃ ሕግ የወጣው እዚያው ሄሰን ውስጥ በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። ነገር ግን ለቀብርና ለሐዘን የሚደርሱልንን ሰዎች ለመክሰስ ከመጣደፍ በፊት አንድ ስብሰባ መጥራት የተሻለ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ቨርጂኒያ ነኝ። እዚህስ?

መልስ፦ አሜሪካ ሁሉን አቀፍ የፌደራል ሕግ የላትም። የቨርጂኒያ የሸማቾች ዳታ ጥበቃ ሕግ ከጥር 1 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መረጃዎን የማየት፣ የማስተካከል፣ የማስጠፋትና እንዳይሸጥ የመከልከል መብት ሰጥቶዎታል። ሆኖም የሚመለከተው በዓመት ቢያንስ የ100,000 ሸማቾችን መረጃ የሚይዙትን፣ ወይም ከገቢያቸው ከግማሽ በላይ የሚያገኙት መረጃ በመሸጥ ሆኖ ቢያንስ የ25,000 ሰዎችን መረጃ የሚይዙትን ድርጅቶች ነው። ክስ የሚመሠርተውም የክፍለ ግዛቱ ዐቃቤ ሕግ ብቻ ነው፤ እርስዎ ራስዎ መክሰስ አይችሉም።

ጥያቄ፦ በቴሌግራም ልብስ እሸጣለሁ። ስም፣ ስልክ፣ ሰፈርና የክፍያ ስክሪንሾት እቀበላለሁ። እኔን የመሰለ ትንሽ ነጋዴ ምን ማድረግ አለበት?

መልስ፦ ጥያቄዎን ወድጄዋለሁ፤ አብዛኛው የመረጃ መውጣት የሚደርሰው በሰርጎ ገቦች ሳይሆን እንዲህ ባለ የዕለት ሥራ ውስጥ ስለሆነ ነው። በመጀመሪያ ስክሪንሾቱን ያስቡ። የደንበኛው ሙሉ ስም፣ የሒሳብ ቁጥር፣ አንዳንዴም ቀሪ ሒሳቡ ይታይበታል፤ እርስዎ የሚያስፈልግዎ ግን ክፍያው መግባቱን ማወቅ ብቻ ነው። የግብይቱን ቁጥር ለሒሳብ መዝገብዎ ይያዙና ምስሉን ያጥፉ። ለሞተረኛው የዕለቱን ዝርዝር በሙሉ ከመላክ ይልቅ ለእያንዳንዱ ጭነት የሚያስፈልገውን አድራሻ ብቻ ይላኩለት። ትዕዛዝ የሚቀበለው ልጅ በግል ስልኩ የሚሠራ ከሆነ፣ ሥራ በለቀቀ ማግስት የደንበኞችዎ ዝርዝር ከእሱ ጋር ይሄዳል፤ ስለዚህ ለሥራው የተለየ ስልክና ሲም ካርድ ይመድቡ። ደንበኛ ልብሱን ለብሶ የላከልዎትን ፎቶግራፍ በቻናልዎ ላይ ከመለጠፍዎ በፊት ይጠይቁ፤ «ደስ ብሎት ነው የላከልኝ» የሚለው ፈቃድ አይሆንም።

አዋጁ መረጃ ሰብሳቢዎች በባለሥልጣኑ ዘንድ እንዲመዘገቡ ስለሚጠይቅ፣ ይህ ግዴታ እርስዎን እንዴት እንደሚመለከት ከባለሥልጣኑ በቀጥታ ቢያረጋግጡ ይመረጣል።

ጥያቄ፦ የልጄ ትምህርት ቤት የተማሪዎችን ውጤት ከነፎቷቸው በወላጆች ግሩፕ ይለጥፋል። ትክክል ነው?

መልስ፦ አይደለም። ውጤቱን ለእያንዳንዱ ወላጅ ለየብቻ መላክ እየተቻለ ለሁሉም ማሳየት የሚያስፈልግበት ምክንያት አይታየኝም፤ የሕፃናት መረጃ ደግሞ ከአዋቂዎች የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል።

ጥያቄ፦ በመጨረሻ፣ ቅሬታ ያለው ሰው ከየት ይጀምራል?

መልስ፦ ከድርጅቱ ይጀምሩ፤ ጥያቄዎ በጽሑፍ ይሁን፣ ቀኑም ይታይበት። የያዛችሁትን መረጃ አሳዩኝ፣ ከማን እንዳገኛችሁትና ለማን እንዳስተላለፋችሁት ግለጹልኝ፣ አጥፉልኝ ብለው ሦስቱን ለያይተው ይጠይቁ፤ አንዱን መልሶ ሌላውን መዝለል የተለመደ ነውና። መልስ ካጡ ወይም መልሱ ካላረካዎት ቅሬታዎን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ያቀርባሉ። የደረሱዎትን መልእክቶች አያጥፉ፤ የላኪው ቁጥርና ሰዓቱ የሚታይበት ምስል ይያዙ። ደግሞም አፕሊኬሽኑን ከስልክዎ ማውጣት በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ያለውን መረጃ አያጠፋም። ስለዚህ በአፕሊኬሽኑ ውስጥ ገብተው በቅድሚያ የፈቀዱትን ሁሉ ያንሱ፣ ቀጥለው ሒሳብዎ እንዲሰረዝ ይጠይቁ፣ ማረጋገጫው ሲደርስዎት ብቻ አፕሊኬሽኑን ያጥፉት።