«ቲዩብለስ ሬዲ» የሚል ቸርኬ አየር አልይዝ ሲል

የደሴው ወንድማችን ሁለት ነገር ጠይቋል። ባለ 29 ማውንቴን ሳይክሉ ቸርኬ ላይ «ቲዩብለስ ሬዲ» (ያለ ካላማዳሪያ ለመንዳት የተዘጋጀ) የሚል ጽሑፍ አለ፤ ካላማዳሪያውን አውጥቶ ሲላንት፣ ማለትም ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ፣ ቢጨምርም በእጅ ፖምፓ አየር አልይዝ ብሎታል፣ በስንት መከራ ሲነፋም ጠዋት ተንፍሶ ያገኘዋል። ደግሞስ የድሮውን 26 ሳይክል እንዲሁ ማድረግ ይቻላል ወይ?

አብሽር፣ ሲላንቱን አትጠርጥር። «ሬዲ» ማለት የቸርኬው ቅርጽ ተዘጋጅቷል ማለት ነው እንጂ ሥራው አልቋል ማለት አይደለም፤ ማሸጊያ ቴፑንና ቫልቩን የምትጨምረው አንተ ነህ።

ጎማውን አውልቀህ የቸርኬውን ውስጥ በጣትህ ዳስሰው። መሃሉ ላይ ቦይ አለ፤ ከቦዩ ግራና ቀኝ የጎማው ጠርዝ የሚቀመጥበት መደብ አለ፤ በመደቡና በቦዩ መካከል ደግሞ ትንሽ ጉብታ። አየር ሲገባ የጎማው ጠርዝ ከቦዩ ተነስቶ ጉብታውን ይዘልና «ጧ» ብሎ መደቡ ላይ ይቀመጣል። ጉብታው አየር ሲቀንስ ጠርዙ ወደ ቦዩ እንዳይመለስ ይይዘዋል። የድሮው 26 ሳይክልህ ቸርኬ ባለ አንድ ግድግዳ ከሆነና ይህ ጉብታ ከሌለው ተወው፤ ኩርባ ላይ ጠርዙ ሸርተት ካለ አየሩ ባንዴ ይወጣል። የሐረጎን ቁልቁለት በእንዲህ ያለ ጎማ መውረድ ድፍረት ሳይሆን እብደት ነው። እሱ በካላማዳሪያ ይሂድ።

ሌሊት የሚተነፍስበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ቴፑ ነው። የራጂ ሽቦዎቹን ቀዳዳዎች የሚዘጋው እሱ ነው። ስፋቱ ከቸርኬው የውስጥ ስፋት ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ይብለጥ፤ ቸርኬው 25 ከሆነ 28 ጥሩ ነው። ጠባብ ከሆነ ግፊቱ ወደ ጎን ያንሸራትተውና ቀዳዳ ይገለጣል። የኤሌክትሪክ ናስትሮ አትጠቀም፤ ይለጠጣል፣ ሙጫውም ይላቀቃል። ቸርኬውን በአልኮል ጠርገህ አድርቅ። ከቫልቩ ቀዳዳ ትይዩ ጀምረህ ቴፑን ጠበቅ አድርገህ እየሳብክ ዙር፤ መጨረሻው መጀመሪያውን 10 ሴንቲሜትር ያህል ይደርብ። የቫልቩን ቀዳዳ በወረንጦ ጫፍ ወይም በጋለ ምስማር ጠበብ አድርገህ ብሳ፤ በምላጭ ከቀደድከው ቀዳዱ ይሰፋል። የቫልቩን ብሎን በእጅህ ብቻ አጥብቀው፤ በፒንሳ የጠበቀ ብሎን መንገድ ላይ አይፈታልህም።

ከዚያ ካላማዳሪያውን መልሰህ አስገባና ነፍተህ አሳድረው። ቴፑን ይጫነዋል፣ ሁለቱንም ጠርዝ መደቡ ላይ ያስቀምጣል። በማግስቱ አንዱን ጎን ብቻ ፈልቅቀህ ካላማዳሪያውን አውጣ፤ ሌላው ጎን እንደተቀመጠ ስለሚቆይ ግማሹ ሥራ አለቀ።

የእጅ ፖምፓ ያቃተው አየሩ ከሚገባበት ፍጥነት ይልቅ የሚወጣበት ስለሚበልጥ ነው። ጠርዙን የሳሙና ውሃ ቀባው፣ የቫልቩን ተፈትቶ የሚወጣ ውስጠኛ ክፍል አውጣና ጎሚስታ ቤት ኮምፕሬሰር ጠይቅ። የጎሚስታው ቱቦ ለመኪና ቫልቭ የተሠራ ስለሆነ ቀጭን ቫልቭ ካለህ ትንሿን የነሐስ መለወጫ ይዘህ ሂድ፤ መለወጫዋ የምትታሰረው በውስጠኛው ክፍል ላይ ስለሆነ ያኔ ክፍሉን አታውጣው። ጎማውና ቸርኬው ላይ ከተጻፉት የግፊት ጣሪያዎች ዝቅተኛውን እንዳታልፍ። ሲቀመጥልህ አየሩን ልቀቅ፣ ጠርሙሱን በደንብ ንጠህ ከ90 እስከ 120 ሚሊሊትር ሲላንት ውስጠኛ ክፍሉ በወጣው ቫልቭ ጨምር፣ ክፍሉን መልሰህ ግጠምና እንደገና ንፋ፣ ጎማውን አሽከርክረህ በሁለቱም ጎን አስተኛው። ለመንዳት እንደ ክብደትህ ከ20 እስከ 28 ፒኤስአይ ግፊት ይበቃሃል።

አሁንም ከተነፈሰ የሳሙና ውሃ አፍስስበት። አረፋው ከራጂዎቹ ሥር ወይም ከቫልቩ ቀዳዳ ከወጣ ጥፋቱ የቴፑ ነው፤ ሲላንት መጨመር ገንዘብ መድፋት ነው። በጎማውና በቸርኬው መካከል ከሆነ መደቡ ቆሽሿል ወይም ቸርኬው ተጣሟል። ከጎማው ግድግዳ ብቻ ከሆነ ግን ሲላንቱ ራሱ ይደፍነዋል፤ አዙረህ አስተኛው።

ሲላንቱ ይደርቃል፤ ኮምቦልቻና ባቲ በሙቀቱ ከደሴ ይልቅ ይፈጥናል። በየ2 ወይም 3 ወሩ ክፈትና እይ።

ካላማዳሪያ ግን ሁልጊዜ ያዝ። መንገድ ላይ ስታስገባው መጀመሪያ የጎማውን ውስጥ በጥንቃቄ ዳስስ፤ ሲላንቱ ደፍኖ ያስረሳህ የግራር እሾህ እዚያው ተሰክቶ ይጠብቅሃል።