ፍሪጁ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ «እራት» እያለ ሲቀሰቅስ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። ዋሽንግተን ያለችው እህቴ በሩ ላይ ስክሪን፣ ውስጡ ካሜራ ያለው ፍሪጅ ከዱባይ አስገዝታ ለእናታችን ላከችላት። አካውንቱን የከፈተችውም እሷ ናት፣ በራሷ ስልክ። ጾመ ነቢያት ከገባ ወዲህ ግን ፍሪጁ እረፍት ነሳን። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቁርስ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ምሳ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ደግሞ እራት እያለ በእንግሊዝኛ ያስታውሳል። ወተትና እንቁላል ግዙ እያለም ይጨቀጭቃል። ድምፁን ስክሪኑ ላይ አጥፍተነው ነበር፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ እንደገና ጀመረ። አሁን ማታ ማታ ከሶኬቱ እንነቅለዋለን። የስፒከሩን ሽቦ ብንቆርጠው ምን ይላሉ?

መልስ፦ ሽቦውን አይቁረጡ። ከዛሬ ማታ ጀምሮም ከሶኬት አይንቀሉት። በሩ ሳይከፈት የቆየ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን የሚይዘው ለ4 ሰዓት ያህል ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ከነቀላችሁት 9 ሰዓት ሙሉ ያለ ኃይል ያድራል ማለት ነው፤ የተረፈው ምስር ወጥ ጠዋት ባይሸትም እንኳ ለሆድ አይታመንም።

ችግሩ ያለበትን ቦታ ያመለከቱኝ የጻፏቸው ሦስት ሰዓቶች ናቸው። ዋሽንግተን በዚህ ወቅት ከእኛ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። በእነሱ አቆጣጠር ጠዋት 7 ሰዓት የሚባለው ቁርስ እኛ ጋ ከቀኑ 9 ሰዓት ይሆናል። የእነሱ እኩለ ቀን ምሳ እኛ ጋ ማታ 2 ሰዓት ነው። ከምሽቱ 6 ሰዓት የሚሉት እራታቸው ደግሞ እዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይውላል። ሦስቱም ልክ ገጠሙ። ፍሪጁ አልተበላሸም፤ ሰዓቱን የወሰደው አካውንቱ ከተከፈተበት ስልክ ነው። ሳይስተካከል ቢቆይ፣ መጋቢት መግቢያ ግድም አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ሦስቱም ጥሪዎች በአንድ ሰዓት ቀድመው ይመጡ ነበር።

ድምፁ ለምን እንደተመለሰም ከዚሁ ይታወቃል። ስክሪኑ ላይ የምታጠፉት ድምፅ የሚቀመጠው ፍሪጁ ላይ ብቻ ነው፤ የምግብ ማስታወሻው ግን ያለው አካውንቱ ውስጥ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፍሪጁ ዋይፋይ እንዳገኘ የአካውንቱን ሴቲንግ መልሶ ይጭናል። ስለዚህ ማስተካከል ያለባት እህትዎ ናት። ስልክ ደውለው፣ እርስዎ ፍሪጁ ፊት ቆመው፣ አብራችሁ ሥሩት። የምርጫዎቹ ስም እንደ ፋብሪካው ይለያያል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይኸው ነው።

መጀመሪያ አፑ ውስጥ የፍሪጁን ቦታ ወደ ኢትዮጵያ፣ የሰዓት ክልሉን ወደ አዲስ አበባ ወይም ጂኤምቲ +3 ትቀይር። እዚህ ላይ ብዙ ቤት የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ፦ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር አይሙሉት። ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን ስክሪኑ 7 ማለት አለበት። 1 ብለው ቢሞሉት ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ ራሱ ይመልሰዋል፤ ካልተገናኘም ማስታወሻው ሁሉ 6 ሰዓት ይዛነፋል።

ቀጥሎ የጤና ወይም የአመጋገብ መገለጫ የሚለውን ትክፈት። ዕድሜ፣ ክብደት፣ «መቀነስ እፈልጋለሁ» የሚል ግብ ተሞልቶ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ታጥፋው። ድምፁን ብቻ መዝጋት አይበቃም፤ መገለጫው እስካለ ድረስ ማስላቱን አያቆምም፣ ቢያንስ ለስልክ መልእክት ይልካል። ረቡዕና ዓርብን፣ ጾምን፣ እስከ 9 ሰዓት መቆየትን የማያውቅ ሥርዓት ለጾመኛ ሰው የምግብ ሰዓት ሊቆጥር አይገባም ባይ ነኝ። የረመዳን ጾመኞች ቤትም ነገሩ ያው ነው።

ከዚያ የግዢ ማሳሰቢያውን ትዝጋ። ካሜራው የሚያየው በሩ ሲዘጋ ፊት ለፊቱ ያለውን ብቻ ነው። ክዳን ያለው ድስት ውስጥ ሽሮ ይሁን ጎመን አይለይም፤ የወተቱ ቦታ ባዶ ከሆነ ግን ያንን ያያል። በጾም ወተት ግዙ የሚለው ለዚህ ነው። ለገና መልሳችሁ ልትከፍቱት ትችላላችሁ።

ሦስቱ ካለቁ ፈትኑት። ፍሪጁን ነቅላችሁ 5 ደቂቃ ጠብቁ። ቶሎ ከተሰካ የኮምፕረሰሩ ጋዝ ግፊት ሳይረጋጋ ሊነሳ ይታገላል፤ መብራት በተመላለሰ ቁጥር ይህንኑ መቆያ የሚሰጥ የፍሪጅ ስታቢላይዘር ከሌላችሁ ግዙ። ከሰካችሁት በኋላ የዋይፋይ ምልክቱ እስኪበራ ቆዩና ሴቲንጉን እዩ። አሮጌው ከተመለሰ አካውንቱ ላይ ሌላ ቤተሰብ ገብቷል፣ ወይም እህትዎ ስልክ ላይ በየሰዓቱ የሚሠራ ትእዛዝ ተቀምጧል ማለት ነው። ያም ካልተገኘ ስክሪኑ ላይ ዋይፋዩን «እርሳ» በሉት። ለማቀዝቀዝ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ የሚቀርባችሁ እህትዎ ከሩቅ ውስጡን ማየቷ ነው።

አንድ ድምፅ ግን እንዳለ ይቆይ፦ በሩ ሳይዘጋ ሲቀር የሚሰማው አጭር ጢጥ ጢጥ። እሱ ስለ አመጋገብ አይደለም። አንዳንዶች የበሩን ማብሪያ በፕላስተር ይለጥፉታል። ያኔ ፍሪጁ ሁልጊዜ የተዘጋ ይመስለዋል፦ መብራቱ አይበራም፣ በሩ ገርበብ ብሎ ቢያድርም አይጮህም፣ እርጥበቱ ውስጥ ገብቶ በረዶ ይጋግራል። ለጥምቀት እንግዳ ሲበዛ በተለይ ይህ ድምፅ ያስፈልጋችኋል። በሩ ተዘግቶም የሚጮህ ከሆነ ላስቲኩን መርምሩ። አንድ ብር ኖት በሩና ላስቲኩ መሀል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት፤ ያለ ምንም መያዝ ከወጣ እዚያ ጋ ክፍተት አለ። ለብ ባለ ውሃና ሳሙና እጠቡት፣ የተጣመመውን በሞቀ ጨርቅ አለስልሳችሁ ወደ ቦታው መልሱት። የፊት እግሮቹም ከኋላዎቹ ትንሽ ከፍ ይበሉ፤ በሩ በራሱ ወደ መዘጋት ያዘነብላል።

ሽቦ መቁረጡን የከለከልኩት ስክሪኑ፣ ስፒከሩና የሙቀት መቆጣጠሪያው በአንድ ገመድ ጥቅል በበሩ ማጠፊያ በኩል ሊያልፉ ስለሚችሉ ነው። ጀርባው ላይ ያለው ታርጋ አር600ኤ የሚል ከሆነ ደግሞ ጋዙ የሚነድ ነው፤ ማንም ሰው አካሉን እንዲበሳ ወይም አጠገቡ እንዲበይድ አትፍቀዱ።

እናትዎ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነና እህትዎ የመድኃኒቱን ሰዓትም እዚያው ሞልታ ከነበረ፣ መገለጫውን ከማጥፋታችሁ በፊት ሰዓቶቹን ወረቀት ላይ ጻፉና በእናትዎ ስልክ ላይ በአማርኛ ሙሏቸው። ጾሙን ከመድኃኒቱ ጋር እንዴት እንደሚያስኬዱት የሚነግሯቸው የሚከታተሏቸው ሐኪም ናቸው።