ፖሊስ «ቁም» ሲል ነዳጅ መርገጥ፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከሹፌሮች የደረሱኝን ጥያቄዎች አንድ ላይ ልመልስ። ሕጉ እንደየአገሩ ስለሚለያይ ምሳሌ ስሰጥ አገሩን እጠራለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በፍጥነት ስነዳ ነበር። ብሸሽም ባልሸሽም ቅጣቱ ያው አይደለም?

በጭራሽ። ፍጥነቱ አንድ ክስ፣ ሽሽቱ ሌላ ክስ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ይከብዳል። በፍሎሪዳ አውቆ አለመቆም ብቻውን እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። መብራትና ሳይረን የከፈተ የፖሊስ መኪና እየተከተለህ በግድየለሽነት ከበረርክ እስከ 15 ዓመት ይደርሳል። ሰው ከሞተ እስከ 30። በካናዳ ከባዱ ቅጣት 10 ዓመት ነው። ፈረንሳይ በ2022 ቅጣቱን እጥፍ አድርጋ 2 ዓመት እስራትና 15 ሺህ ዩሮ አድርሳዋለች።

ጥያቄ፦ ሙዚቃ ከፍቼ ሳይረኑን ባልሰማስ?

ሽሽት ወንጀል የሚሆነው አውቀህ ስታደርገው ነው። በካሊፎርኒያ ለምሳሌ ቀይ መብራት መታየቱን፣ መኪናው የፖሊስ ምልክት ያለው መሆኑን፣ ፖሊሱ ዩኒፎርም መልበሱን ዐቃቤ ሕግ ማስረዳት አለበት። ግን መብራት አጥፍተህ ሦስት ቀይ መብራት ከጣስክ በኋላ «አልሰማሁም» ብትል ማን ያምንሃል?

ጥያቄ፦ ሴት ነኝ፤ በሌሊት ብቻዬን እነዳለሁ። ምልክት የሌለው መኪና ቁሚ ቢለኝስ?

እህቴ፣ ፍርሃትሽ ተገቢ ነው። ፍጥነት ቀንሺ፤ ፍሬቻዎቹን ሁሉ አንድ ላይ አብሪ። ወደ ድንገተኛ ጥሪ ደውለሽ ከኋላሽ ያለው እውነት ፖሊስ መሆኑን ጠይቂ። ያለሽበትንም ንገሪያቸው። ከዚያ ሰውና መብራት ያለበት ቅርብ ቦታ ላይ ቁሚ። ጥሪው ስለሚቀዳ በኋላ ማስረጃሽ ይሆናል። ዋናው ነገር ፍጥነት አለመጨመር ነው።

ጥያቄ፦ ካመለጥኩ በኋላ በሰሌዳ ቢያገኙኝ «እኔ አልነዳሁም» ብልስ?

ሰሌዳ ባለቤቱን እንጂ ሹፌሩን አያሳይም፤ እውነት ነው። ግን በእንግሊዝ ባለቤቱ ማን ሲነዳ እንደነበር የመናገር ግዴታ አለበት። ዝም ካለ ራሱ ይቀጣል።

ጥያቄ፦ ፖሊስ ሆን ብሎ ገጭቶ ቢያቆመኝ መክሰስ እችላለሁ?

መክሰስ ትችላለህ፤ ማሸነፉ ነው ችግሩ። በ2001 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት አንድ የ19 ዓመት ወጣት ሸሸ። መነሻው በሰዓት 55 ማይል በሚፈቀድበት መንገድ 73 መንዳቱ ነበር። እንግዲህ አስቡት፣ የትኬት ጉዳይ! ፖሊሱ መኪናውን ከኋላ ገጨው፤ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ፤ ልጁ እጅ እግሩ ሽባ ሆነ። ክሱ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰ። በ2007 ዳኞቹ ከፖሊስ መኪናው የተቀረጸውን ቪዲዮ አይተው 8 ለ 1 ለፖሊሱ ፈረዱ። ሽሽቱ ሌሎች ሰዎችን አደጋ ላይ ጥሏል አሉ።

ጥያቄ፦ መሸሽ ጀምሬ ሁለት ደቂቃ ሳልሞላ ብቆምስ?

ክሱ አይፋቅልህም። ቅጣት ሲመዘን ግን ሊረዳህ ይችላል። ከቆምክ በኋላ እጅህን መሪው ላይ አድርግና ጠበቃህ እስኪመጣ ስለ ሽሽቱ ምንም አታውራ።