የአባትህን ቤት ስሚንቶ አታልብሰው

ወንድሜ፣ «ደብረ ብርሃን ወላጆቼ የሠሩት የጭቃ ቤት አለን፤ እናቴ ወጥታ ኪራይ ቤት መግባት አትፈልግም፤ ውስጡ እየኖርን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ብናድሰው ይሆናል? ከየት ልጀምር?» ብለህ ለጠየቅኸው ነው የምመልሰው። ከኔ በፊት የመለሱልህ «አፍርሰህ በብሎኬት ሥራው» ብለውሃል። ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ቢኖርህ መች ትጠይቅ ነበር! እኔ እዚያው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሰፈር ባለው የአባቴ ቤት ከ2009 እስከ 2015 ዓ.ም. በእድሳት ውስጥ ኖሬአለሁ። ያንተም እናት እንደኔዋ ከሆነች ንቅንቅ አትልም፤ ስለዚህ ይቻላል ወይ የሚለውን ተወውና እንዴት እንደማትከስር ልንገርህ።

1ኛ. ግድግዳውን ለጊዜው አትንካው። መጀመሪያ ጣሪያና ውሃ። ሚስማሩ የላላ ቆርቆሮ፣ አሽንዳ፣ ከቤቱ ዙሪያ ቦይ። እኛ ሰፈር ኮብልስቶን ሲነጠፍ መንገዱ ከግቢያችን ከፍ ብሎ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ የሐምሌ ጎርፍ በበራችን ይገባና ከጓዳው ግድግዳ ሥር ይተኛል። ይሄን በዓይናችን እያየን እኛ ምን አደረግን? ግድግዳ አሳመርን።

2ኛ. የጭቃ ግድግዳ በስሚንቶ አታስለስን። እኔን ያከሰረኝ ይሄ ነው። ታኅሣሥ 2009 ነበር፤ የታናሽ ወንድሜ ሠርግ ለጥር ተቆርጧል። ግንበኛው «እትዬ፣ የዶሮ ሽቦ መትቼ በስሚንቶ ብለስነው ቪላ ነው የሚመስለው» አለኝ፤ አመንኩት። 18 ኩንታል ስሚንቶ በላ። ደግሞ የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ውርጭ ታውቀዋለህ፤ ወደ ማታ የተለሰነው ጠዋት ላዩ ዱቄት ሆኖ በጣት ይፈገፈጋል። «ፀሐይ ሲመታው ይጠነክራል» ይለኛል። (ስሚንቶ ሳይጠና ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ከሆነ ወዲያ እንደሚገባው አይጠነክርም። አሁን ማንም አይሸውደኝም።) ለሠርጉ ግን እውነት ለመናገር አማረ። ፎቶው አለ፤ ባየሁት ቁጥር አንጀቴ ያርራል።

ጭቃ ከሥር የሳበውን እርጥበት በላዩ እያስተነፈሰ ነው የሚደርቀው። ስሚንቶ ስታለብሰው ታፈነ ማለት ነው። በመጀመሪያው ክረምት እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አወጣ። በሁለተኛው ስታንኳኳው እንደ ከበሮ ይጮህ ጀመር። መስከረም 2012 እናቴ ቁምሳጥን ስታስጠጋ ሰፌድ የሚያህል ልስን ዘጭ አለ። ውስጡን ስናየው ጭቃው ቡኮ ሆኗል፤ ቋሚዎቹ መሬቱ ጋ በእጄ እንደ ዳቦ ተቆረሱ። ከአሥራ አራት ቋሚ ዘጠኙ። አባቴ ያቆማቸው የጽድ ቋሚዎች ግን ምንም አልሆኑም፤ የበሰበሱት በኋላ ጓዳው ሲጨመር የገቡት ባህር ዛፎች ናቸው። ያንተም ቤት ጽድ ካለው እንዳታስነቅል። ግንበኛው «አሮጌ እንጨት ነው» ይልሃል፤ ማታ ራሱ ተሸክሞት ይሄዳል።

መፍትሔውን ያሳዩኝ የእናቴ እድርተኛ የሆኑ አንድ አዛውንት ናቸው፤ አንድ ሳንቲም አልተቀበሉኝም። ጣሪያውን በድጋፍ እንጨት ይዘን አንድ ማዕዘን ብቻ እንከፍታለን። የበሰበሰውን የቋሚ እግር ቆርጠን፣ ከሥሩ እስከ ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ ግንብ በስሚንቶ አስገንብተን፣ ቋሚውን እላዩ ላይ እናቆማለን። የስሚንቶ ቦታው እዚያ ነው፣ ከሥር። ከዚያ በላይ መልሰን በጭቃ፤ ከጅሩ ያስመጣሁት የጤፍ ጭድ ገብቶበት ሳምንት ሙሉ እየተረገጠ የቦካ ጭቃ። ሲደርቅ ኖራ። ጊዜው ደግሞ ውርጩ ካለፈ በኋላ፣ የበልግ ዝናብ ሳይመጣ፣ ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት ነው። ሦስተኛውን ማዕዘን እኔው ራሴ ነኝ የመረግሁት፤ እስከ ዛሬ ስንጥቅ የለውም፤ የግንበኛውን ግን አይተኸዋል።

3ኛ. ወረቀት። ይሄን አንደኛ ማድረግ ነበረብኝ። ሁለተኛው ማዕዘን ተከፍቶ እያለ «ሥራ አቁሙ» የሚል ደብዳቤ መጣ። ፈቃድ ልጠይቅ ሄድኩ። መጀመሪያ ባለሙያው መስክ ነው፤ ቀጥሎ ፋይላችሁ የለም፤ በአምስተኛው ቀን ፋይሉ ሲገኝ ይዞታው በአባቴ ስም ነው። «ባለቤቱ ራሱ ይምጣ» አለኝ ባለሙያው። አባቴ ካረፈ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው ስለው «ታዲያ ሟች ቤት ያድሳል እንዴ?» ብሎ ጓደኛውን እያየ ሳቀ። እናቴ አጠገቤ ቆማ ነበር። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች፤ እኔም የዚያን ቀን ዝም በማለቴ እስካሁን ይቆጨኛል። ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት፣ ወንድምና እህቶቼን ለማስፈረም፣ ስሙን ለማዞር ዘጠኝ ወር ፈጀ። የተከፈተው ማዕዘን አንድ ክረምት በሸራ ተሸፍኖ ከረመ፤ የሸራውን ዋጋና የእናቴን ሳል ማን ይክፈለኝ? ያንተም ቤት አሁንም በአባትህ ስም እንደሆነ እገምታለሁ። አካፋ ሳታነሳ እሱን ጨርስ። ፈቃድ ስትጠይቅም ምን እንደምትነካ፣ ምን እንደማትነካ በጽሑፍ አስቀምጥ፤ አለዚያ «እድሳት ሳይሆን አዲስ ግንባታ ነው» ይሉሃል።

4ኛ. ውስጡ ስለመኖር፤ አንዲት ክፍል ጨርሶ አትነካም፣ አቧራም አይገባባትም። የእናትህ አልጋ፣ ሊጡና መሶቡ እዚያ። እኔ ይሄን አላውቅም ነበርና አንድ ሰሞን እንጀራችን አሸዋ አሸዋ ይል ነበር። ለካ ያቺ ክፍል ለሌላም ትሆናለች። ኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደርሶ ዘመዶቻችን ሲመጡብን ግማሹ ቤት ግድግዳ አልነበረውም፤ አሥራ አንድ ሰው በዚያች ክፍል ተኛን። እናቴ ያለ ብርድ ልብስ ያሳደረችው አልነበረም።

ስለ ኮርኒስና ሊሾ በኋላ ትደርስበታለህ፤ እነሱ አያጣድፉም። አሁን ቢላዋ ይዘህ ጓሮ ዙር፤ የእያንዳንዱን ቋሚ እግር መሬቱ ጋ ወጋ ወጋ አድርገው። ስንቱ ላይ ቢላዋው እንደገባ ቆጥረህ እዚሁ ጻፍልኝ።