የግቢ ሣርና የሣር ሠራተኛ ቅጥር፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ክረምት ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ቀርተዋል። የግቢ ሣር የሚተከለውም፣ የተጎዳው የሚጠገነውም፣ ሠራተኛ የሚፈለገውም በዚሁ ሰሞን ነው። በችግኝ ጣቢያም በሰው ግቢም ብዙ ዓመት የሠራሁበት ሥራ ስለሆነ፣ ጥያቄያችሁን ተቀብዬ የማውቀውን ያህል እመልሳለሁ። ስትጠይቁ ግን ሦስት ነገር ንገሩኝ፦ ያላችሁት ደሴ ነው ወይስ ኮምቦልቻ፣ ግቢያችሁ በቀን ስንት ሰዓት ፀሐይ ያገኛል፣ ሣራችሁ ሰርዶ ነው ወይስ ኪኩዩ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ከተሞቹ ቢቀራረቡም ለአንዱ ግቢ የሚበጀው ለሌላው ላይበጅ ይችላል።

ጥያቄ (ከሆጤ፣ ደሴ)፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሣር የሚያጭድልኝ ሰው ልቀጥር ነው። በቀን፣ በቁርጥ ወይስ በወር ብቀጥር ይሻለኛል? ግቢው ሙሉ ቀን ፀሐይ ያገኛል፤ ሣሩ ኪኩዩ ነው።

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እህቴ። አጠያየቅሽ ጥሩ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ፤ በሁለቱም ከተሞች ያየሁት የሣር ጉዳት አብዛኛው የሚጀምረው ከዚሁ ከአቀጣጠሉ ነውና።

ሰው በቁርጥ ሲቀጠር አሠሪው ገንዘቡን ለመቆጠብ «ቶሎ እንዳይመለስ አሳጥረህ እጨደው» ይላል። ሠራተኛውም የታዘዘውን ያደርጋል፤ ሣሩ እስከ አፈሩ ይላጫል። ያን ዕለት ግቢው የጸዳ ይመስላል። ሣር ግን ምግቡን የሚያዘጋጀው በቅጠሉ ነው፤ ቅጠሉ በአንድ ጊዜ ሲወሰድበት በሥሩ ያጠራቀመውን አውጥቶ እንደገና ለማቆጥቆጥ ይገደዳል፣ ሥሩም ያጥራል። ይህ ሦስት አራት ጊዜ ሲደጋገም በጋ ላይ ውኃ የሚስብበት ሥር አይኖረውም። በተራቆተው አፈር ላይ ደግሞ አረም ይበቅላል። ስለዚህ ከቁመቱ ከሲሶው በላይ አታስቆርጪ። ኪኩዩ አራት ጣት ተኩል ሲደርስ ወደ ሦስት ጣት ይውረድ፤ ሰርዶ ቢሆን ሦስት ጣት ሲደርስ ወደ ሁለት ጣት ይወርድ ነበር።

እንግዲህ የሚሻልሽ በወር ሆኖ የሚመጣበት ዙር አስቀድሞ የተወሰነ ውል ነው፦ ክረምት ላይ ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን አንድ ጊዜ፣ በጋ ላይ በሦስት ወይም በአራት ሳምንት አንድ ጊዜ። ሠራተኛው ገቢውን ያውቃል፤ አንቺም አንድ ጊዜ አስላጭቶ ለሁለት ወር የመርሳት ፈተና አይገጥምሽም።

ከመቅጠርሽ በፊት ማጭዱን አሳየኝ በይው። ጥሩ ሠራተኛ ሞረዱን ይዞ ይመጣል። ከዚያ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሚሆን ቦታ አሳጭደሽ በማግሥቱ የቅጠሉን ጫፍ ተመልከቺ። በተሳለ ማጭድ የተቆረጠ ቅጠል ጫፉ ቀጥ ያለና አረንጓዴ ነው። በደነዘ ማጭድ የተገነጠለው ግን እንደ ተተረተረ ክር ተበጣጥሶ በአንድ ቀን ይነጣል፤ ከሩቅ ሲታይም ግቢው አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ይህ ፈተና ከብዙ ምስክርነት ይበልጣል። መሣሪያው የማን እንደሆነ፣ የታጨደው ሣር ለማን እንደሚሆን፣ የተሰበረ ቧንቧ በማን እንደሚተካ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። ተያዥ መጠየቅም ነውር የለውም።

ጥያቄ (ከፒያሳ፣ ደሴ)፦ በወር ስንት ልክፈል?

መልስ፦ ዋጋ አልቆርጥም፤ የግቢው ስፋትና የሥራው ዓይነት ይለያያል። ሰፈራችሁ ውስጥ ሦስት ሰው ጠይቁ፤ ከሁሉ ያነሰውን ጠሪ ብቻ አትከተሉ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ሣሬ ቢጫ ሆነ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዚህ ላይ መልስ መስጠት አልችልም። ሣር በውኃ ጥምም፣ በውኃ ብዛትም፣ በተባይም፣ በማዳበሪያ መቃጠልም፣ በመላጨትም ቢጫ ይሆናል። በቢላዋ ጭብጥ የምታህል ሣር ከነአፈሯ አውጥተህ ሥሩን እይ፤ ያየኸውን ጽፈህ ተመለስ።

ጥያቄ (ከሮቢት፣ ደሴ)፦ አዲስ ግቢ ነው፤ ግንባታው ገና አለቀ። ሰርዶ ልትከል ወይስ ኪኩዩ?

መልስ፦ ለደሴ ኪኩዩ ይስማማል። ተፈጥሮው የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ስለሆነ ቅዝቃዜውን ይችላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ቢለበልበው እንኳ ሲሞቅ ያገግማል፤ ሰርዶ ግን በዚያ ወቅት ቡናማ ሆኖ ይተኛል። ኮምቦልቻ ላይ ሙቀትንና ድርቅን ስለሚችል ሰርዶን እመርጣለሁ። ሁለቱም ጥላ አይወዱም፤ ከጽድ ወይም ከባሕር ዛፍ ሥር ሣር እተክላለሁ ብሎ መድከም ትርፉ ልፋት ነው።

የአንተ ዋና ሥራ ግን ከዘሩ ይልቅ አፈሩ ነው። አናጺና ግንበኛ የቆየበት ግቢ በሲሚንቶ ፍርፋሪና በጠጠር የተሞላ ነው፤ ላዩም በመኪናና በሰው እግር ተደልድሏል። ፍርስራሹን ልቀመው፣ ከዚያ አንድ ስንዝር ያህል በዶማ ገልብጠው። አፈርህ ዋልካ ከሆነ አሸዋ አትጨምርበት፤ ጥቂት አሸዋ ከዋልካ ጋር ሲደባለቅ ደርቆ እንደ ሸክላ ይጠነክራል። የበሰለ ኮምፖስት ወይም ከስድስት ወር በላይ የቆየ ፍግ ጨምርበት። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፤ ከብቱ የበላውን የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል። ዝናቡ ሲረጋ፣ ሐምሌ መግቢያ ላይ፣ ሁለት ሦስት አንጓ ያለውን የሣር ሐረግ ቆርጠህ በአንድ ስንዝር ርቀት ትከል፤ አንዱ አንጓ ከአፈር በታች ይሁን። መጀመሪያ ሲታጨድም ከሲሶው በላይ አታስቆርጥ።

አስተያየት (ከቧንቧ ውኃ፣ ደሴ)፦ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ውኃ በፈረቃ በምንጠብቅበት ከተማ ሣር ማጠጣት ተገቢ ነው? በዚያው መሬት ጎመንና ጌሾ ቢተከል ቤተሰብ ይጠቀማል።

አስተያየት (ከፒያሳ፣ ደሴ)፦ ልጆች የሚጫወቱበት ቦታስ አያስፈልግም? ሣር የሌለው ግቢ በጋ ላይ አቧራ፣ ክረምት ላይ ጭቃ ነው። ጎመንም ቢሆን ውኃ ይጠጣል።

አስተያየት (ከቧንቧ ውኃ፣ ደሴ)፦ ጎመን ይበላል።

አስተያየት (ከኮምቦልቻ)፦ ሣሩም ይበላል፤ እኛ ቤት በጎቹ ያደጉት በግቢው ሣር ነው። ዩሪያ ካገኘ ወዲህማ እጥፍ ሆኖልናል።

መልስ፦ እህታችን ያነሣችው የውኃ ጉዳይ እውነት ነው። የተተከለ ሣር ሥር ከያዘ በኋላ በጋውን ሙሉ አረንጓዴ ካልሆነ ብሎ ማጠጣት አያስፈልግም፤ ቢያንቀላፋም አይሞትም። ማጠጣት የፈለገ ሰው በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ለአንድ ካሬ ሜትር 25 ሊትር ያህል ያጠጣ፤ በየቀኑ ላዩን ማርጠብ ሥሩን ላይ ያስቀረዋል። ዋልካ ላይ ውኃው መፍሰስ ሲጀምር ይቁምና ከሰዓት በኋላ ይቀጠል። ጣራን ደግሞ አትርሱ። በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ የጣለ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ስለዚህ 60 ካሬ ሜትር ጣራ 20 ሚሊ ሜትር የዘነበ ቀን 1,200 ሊትር ያወርዳል፤ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ በርሜሎችን ይሞላል። በረኪና ያለበትን ውኃ ሣር ላይ አትድፉ። የቀረውን የጎመንና የሣር ክርክር በየቤታችሁ ጨርሱት።

ስለ ዩሪያና ስለ በጎቹ የተጻፈው ግን አስደንግጦኛል። ዩሪያ በጥሬው ለበግም ለከብትም መርዝ ነው፤ ቅጠል ላይ የቀረ ፍሬ ሊገድል ይችላል። ማዳበሪያ አብዝቶ የበላ ሣርም፣ በተለይ ድርቅ ሲያገኘው፣ በውስጡ የሚያከማቸው ናይትሬት እንስሳን ይገድላል። ለ100 ካሬ ሜትር ከ1 ኪሎ በላይ ዩሪያ አትበትኑ፤ ቅጠሉ ደረቅ ሲሆን በትናችሁ ወዲያው አጠጡ። ክረምት ሲገባ አንድ ጊዜ፣ መስከረም መጨረሻ አንድ ጊዜ ይበቃል። በደንብ ዘንቦበት ቢያንስ ሦስት ሳምንት እስኪሞላ ድረስ እንስሳ አታስገቡ፣ ከዚያ ግቢ የታጨደ ሣርም አትስጡ። ይህን ለሠራተኛችሁም ንገሩት፤ ሣሩን ለበጉ ይዞ የሚሄደው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ጥያቄ (ከገራዶ)፦ ሠራተኛ በቀን ይሻላል ወይስ በወር?

መልስ፦ ለሆጤዋ እህታችን በሰፊው መልሻለሁ። እባካችሁ ከላይ ያለውን አንብባችሁ ጠይቁ። በወር፤ ከሲሶው በላይም አታስቆርጡ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ጋሼ፣ ቅንጨ አረም ግቢዬን ስለወረረው የቀጠርኩት ልጅ የአረም መድኃኒት ገዝቶ ረጨ። በዐሥር ቀን ውስጥ አረሙም ሣሩም አብሮ ደረቀ። ብልቃጡ ላይ ግላይፎሴት ይላል። ሠራተኛውን ላባርረው ወይ?

መልስ፦ አብሽሪ፤ መሬቱ አልሞተም። ግላይፎሴት አረምና ሣር አይለይም፤ ያገኘውን አረንጓዴ ቅጠል ሁሉ ያደርቃል። አፈር ላይ ከወደቀ በኋላ ግን ኃይሉ ስለሚያዝ፣ ደረቁን ጠራርገሽ ሐምሌ ላይ እንደገና መትከል ትችያለሽ። ሰርዶ ከነበረም ከጥልቁ ሥሩ የተረፈ ሊያቆጠቁጥ ይችላል፤ ዝናቡን ጠብቂ።

ልጁን ከማባረርሽ በፊት ግን ማን እንዲገዛ እንዳዘዘው፣ ማንስ እንዳነበበለት አስቢ። ጓንትና ጭንብል ሳይሰጠው ከረጨ በራሱም ላይ አደጋ ነበረው። ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም ለይቶ የሚያጠፋ ቱ ፎር ዲ የሚባል መድኃኒትም አለ፤ ነገር ግን ነፋስ ወደ ቲማቲምና ወደ በርበሬ ከወሰደው ያጣምመዋል፣ ስለዚህ ለጠባብ ግቢ አልመክረውም። ቅንጨ አረም በእጅ ይነቀላል፤ አበባ ከማውጣቱ በፊት፣ ከዘነበ በማግሥቱ፣ ከነሥሩ። አንዱ ተክል ከ10,000 በላይ ዘር ስለሚበትን አንድ ሳምንት መዘግየት የሚመጣውን ዓመት ሥራ ያበዛል። የሚነቅለው ሰው ጓንትና እጅጌ ሙሉ ልብስ ይልበስ፤ አረሙ ቆዳ ያሳክካል፣ አስም ያለበትንም ያስጨንቃል። ደግሞም ቅንጨ አረም ጥቅጥቅ ያለ ሣር ውስጥ አይበረታም። ሣርሽ እስከ አፈሩ ይታጨድ እንደነበር እገምታለሁ።

አስተያየት (ያቺው ጠያቂ)፦ አዎ፣ አሳጥረህ እጨደው ያልኩት እኔ ነኝ። ልጁ ይቆያል።

ጥያቄ (ከፒያሳ፣ ደሴ)፦ ሠራተኛ ሳሰናብት ሕጉ ምን ያዛል?

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ ጠይቅ። እኔ የማውቀው የሠራበትን በዕለቱ መክፈልን ነው።

ጥያቄ (ከሆጤ፣ ደሴ)፦ የግቢያችን ጫፍ ቁልቁል ነው፤ ሣሩን ጎርፍ ይወስደዋል።

መልስ፦ ከቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቬቲቨር የሚባለውን አፈር የሚይዝ ሣር በአንድ መስመር አጠጋግታችሁ ትከሉ፤ የጣራውን ውኃ ወደዚያ አታፍስሱ። መሬቱ የሚሰነጠቅ ወይም የሚንሸራተት ከሆነ ጉዳዩ የሣር አይደለም፤ መሐንዲስ ይየው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ቀደም ሲል ቢጫ ሆነብኝ ያልኩት ነኝ። እንዳሉኝ በቢላዋ ላወጣው ስል ቢላዋው አላስፈለገም፤ ሣሩ በእጄ ሲሳብ እንደ ሰሌን ተጠቅልሎ መጣ። ከሥሩ ነጫጭ፣ የተቆለመሙ፣ ራሳቸው ቡናማ የሆኑ ትሎች አሉ። በአንድ ክንድ ካሬ ውስጥ ዐሥራ አራት ቆጠርኩ። ሰርዶ ነው፤ ሙሉ ቀን ፀሐይ ያገኛል።

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የምፈልገው። የጢንዚዛ እጭ ነው፤ ሥሩን በልቶ ጨርሶታል፣ ስለዚህ ውኃም ማዳበሪያም ብትጨምር የሚስብ ሥር የለም። ጥቂት ቢሆኑ ሣሩ ይችላቸው ነበር፤ ዐሥራ አራት ግን ብዙ ነው። የተላቀቀውን ሣር ጠቅልለህ አንሣ፤ አፈሩን በእጅ መኮትኮቻ አራት ጣት ያህል ገልብጥና ዶሮ ካለህ ከጎረቤትም ተውሰህ ለሦስት ቀን ልቀቅበት። ዶሮ ከማንም በተሻለ ይለቅማል። ከዚያ አፈሩን ደልድለህ ኮምፖስት ጨምር፤ ደህና ከሆነው ወገን ሐረግ ቆርጠህ ሐምሌ ላይ ትከል። ሠራተኛ ካለህ ለቀማውን አብራችሁ ሥሩ፤ እጩን አንድ ጊዜ በዓይኑ ካየ በሚቀጥለው ዓመት ሣሩ ሳይገረጣ እሱ ራሱ ይነግርሃል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ እንደገና አንድ ቦታ ገልጠህ ቁጠርና ስንት እንዳገኘህ ጻፍልኝ።