ከጎል አግቢነት ወደ አሰልጣኝነት፦ ስለ ቪክቶር ፒትሱርካ ለጠየቃችሁን

ባለፈው እትም ስለ ሮማኒያው ክለብ ስቴዋ ቡካሬስት ካወጣነው ጽሑፍ በኋላ ብዙዎቻችሁ ስለ አጥቂውና በኋላ የሮማኒያ ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ስለሆነው ፒትሱርካ ጠይቃችሁናል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በ1986ቱ የአውሮፓ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ መለያ ምት ካገቡት አንዱ ፒትሱርካ ነው እያልኩ ከጓደኞቼ ጋር ተከራክሬያለሁ። ማን ልክ ነው? (ከደሴ)

ጓደኞችዎ ልክ ናቸው። ሜይ 7 ቀን ሴቪያ ላይ ከባርሴሎና ጋር 120 ደቂቃ ያለ ጎል ሲያልቅ ፒትሱርካ ሜዳ ላይ አልነበረም፤ በጭማሪው ሰዓት ማሪን ራዱ ተክቶት ገብቷል። ለስቴዋ ማየሩ እና ቦሎኒ ሳቱ፤ ላካቱሽ እና ባሊንት አገቡ። በባርሴሎና በኩል የመቱት አራቱም አልተሳካላቸውም። ግብ ጠባቂው ዱካዳም ሦስቱን ወደ ቀኙ፣ አራተኛውን ወደ ግራው ወድቆ አዳነ። ውጤቱ 2 ለ 0 ሆነ።

ግን ያለ ፒትሱርካ ሴቪያ የሚባል ነገር ባልኖረ ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ስቴዋ ብራስልስ ላይ በአንደርሌክት 1 ለ 0 ተሸንፎ ነበር። በመልሱ ጨዋታ ቡካሬስት ላይ ገና በ4ኛው ደቂቃ አግብቶ የመጀመሪያውን ጨዋታ ሽንፈት ያካካሰው እሱ ነው። ባሊንት ሁለተኛውን ጨመረ፤ በ71ኛው ደቂቃ ሦስተኛውን አግብቶ ነገሩን የዘጋውም ራሱ ፒትሱርካ ነው። ለክርክራችሁ ይህንን ያንሱላቸው።

ጥያቄ፦ ይህን ያህል ጎል አግቢ ከሆነ ለብሔራዊ ቡድን ለምን ጥቂት ተጫወተ?

13 ጨዋታ፣ 6 ጎል። ትልቅ ክለብ ውስጥ የገባው ዘግይቶ ነው፤ በክራዮቫ፣ በትርጉ ዡ እና በስኮርኒቼሽት ቆይቶ ስቴዋ ሲደርስ 27 ዓመቱ ነበር። በፊቱም እነ ካማታሩን የመሳሰሉ አጥቂዎች ነበሩ። በ1987–88 በአገሩ ሊግ 34 ጎል አግብቶ ኮከብ ግብ አግቢ ሲሆን ዕድሜው 32 ሞልቶ ነበር።

ጥያቄ፦ አጥቂ የነበረ ሰው እንዴት እንዲህ በመከላከል የታወቀ አሰልጣኝ ሆነ? ደግሞስ ማጣሪያ ያልፋል እንጂ ውድድሩ ላይ ለምን አይሳካለትም? (ከሐዋሳ፣ የታዳጊዎች አሰልጣኝ)

ቁጥሩን ይመልከቱ። ለ2000ው የአውሮፓ ዋንጫ ማጣሪያ ሮማኒያ በ10 ጨዋታ 7 አሸንፋ፣ 3 አቻ ወጥታ፣ የገባባት 3 ጎል ብቻ ነበር። በፊጎ ትውልድ የምትመካውን ፖርቱጋልን በሜዳዋ ፖርቶ ላይ 1 ለ 0 ረታች፤ በመጨረሻም በ1 ነጥብ ቀደመቻት። ለ2008ቱ ደግሞ በ12 ጨዋታ አንዴ ብቻ ተሸንፋ፣ ኔዘርላንድስን በ3 ነጥብ በልጣ ምድቡን መራች። ኮንስታንሳ ላይ ኔዘርላንድስን የረታችበትን ብቸኛ ጎል ያስቆጠረው ተከላካዩ ጎያን ነው።

እንደ አሰልጣኝ ሊያስተውሉት የሚገባው ግን የ2008ቱን ውድድር ነው። ፒትሱርካ በክለቡ ተከላካይ የሆነውን ኪቩን ወደ አማካይ አምጥቶ ከራዶይ እና ከኮቺሽ ጋር መሐሉን ዘጋ። ፈረንሳይ በዚህ ግንብ ፊት 0 ለ 0 ወጣች። ከጣሊያን ጋር በተደረገው ሁለተኛ ጨዋታ ግን ራዶይ ከራሱ ቡድን ተከላካይ ከራትስ ጋር ተጋጭቶ ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ወጣ፤ ከሦስቱ የግንቡ ምሰሶዎች አንዱ ተነቀለ። እንዲያም ሆኖ በ55ኛው ደቂቃ ሙቱ አገባ። ደስታው አንድ ደቂቃ አልቆየም፤ ፓኑቺ ከማዕዘን ምት በመጣ ኳስ አቻ አደረገ። ጎል ካገቡ በኋላ ያለችውን ደቂቃ ታዳጊዎችዎን ለብቻዋ ያለማምዷቸው፤ ሮማኒያን የጎዳቻት እሷ ናት።

በ81ኛው ደቂቃ ሮማኒያ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘች። ሙቱ መታው፣ ቡፎን አዳነው። ያ ኳስ ገብቶ ውጤቱ 2 ለ 1 ቢያልቅ ሮማኒያ 4 ነጥብ ይኖራት ነበር። ጣሊያን ፈረንሳይን ብትረታም 3 ላይ ትቀር ነበር። ስለዚህ ሮማኒያ በመጨረሻው ጨዋታ በኔዘርላንድስ 2 ለ 0 ብትሸነፍም እንኳ ታልፍ ነበር። «ውድድሩ ላይ አይሳካለትም» የሚለውን ፍርድ ለዚህ ነው የማንቀበለው። ደግሞም በአሰልጣኝነት የገባበት ትልቅ የብሔራዊ ቡድን ውድድር ይህ አንዱ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የ2000ውን ማጣሪያ እሱ ካለፈ ውድድሩ ላይ ለምን አልታየም?

ከአንጋፋ ተጫዋቾች ጋር በገባው አለመግባባት ውድድሩ ሳይደርስ ኃላፊነቱን አጣ። ቡድኑን የተረከበው በ1986 ስቴዋን ለዋንጫ ያበቃው የራሱ የቀድሞ አሰልጣኝ የኔይ ነው። ሮማኒያ እንግሊዝን 3 ለ 2 ረትታ ሩብ ፍጻሜ ደረሰች። ከዚያ ድካም ውስጥ የፒትሱርካ ድርሻ ትልቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ አለመነሳቱ ያሳዝነናል።

ጥያቄ፦ እዚህ ያሉ የሳዑዲው ክለብ የኢትሃድ ደጋፊዎች ያውቁታል። የአገሩን ቡድን መሐል መንገድ ላይ ጥሎ ነው የመጣው? (ከጅዳ)

አዎ፣ የ2016ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ማጣሪያ ተጀምሮ ነበር። በ2014 መጸው ሮማኒያ ግሪክን ፒሬየስ ላይ 1 ለ 0 ረታች፣ ከሃንጋሪ 1 ለ 1 ወጣች፣ ፊንላንድን 2 ለ 0 አሸነፈች፤ ከሦስት ጨዋታ 7 ነጥብ ማለት ነው። እሱ በዚህ ላይ እያለ ነው ወደ ጅዳ ያቀናው። ከእሱ በኋላ ቡድኑን የያዘው ዮርዳነስኩ በሴቪያ ምሽት ከተጠባባቂ ወንበር ተነስቶ የገባው ሰው ነው። እሱም ቀሪዎቹን ሰባት ጨዋታዎች ሳይሸነፍ ጨረሰ፤ በ10ሩ ጨዋታ የገባባቸው 2 ጎል ብቻ ነበር። ፒትሱርካ በበኩሉ ወደ ኢትሃድ በኋላ ሁለተኛ ጊዜ ተመልሷል።